ሁለተኛዋ ብልቃጥ

ይሄ በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት ነው። ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ!

ቀልድ እንደምወድ ታውቃላችሁ... የዛሬው ግን ቀልድ አይደለም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ። በረኪና በረኪና የሚሸት የሕፃናት ሐኪም ቤት።

እህቴ የሦስት ሳምንት ልጇን ታቅፋለች። ቤቱን በሙሉ በለቅሶ ስለሚያዝ «ጄኔራሉ» ነው የምንለው። ያን ቀን ከምሳ በኋላ ሰውነቱ እንደ እሳት ጋለ።

ሐኪሟ ደሙን አስመረመረች። ባክቴሪያ ደም ውስጥ ሲገባ ከፍ የሚል «ጠቋሚ» የሚሉት ነገር አለ።

ውጤቱ መጣ... ዝቅተኛ።

ትኩሳቱም በረደ። እህቴ ፎጣውን ማጣጠፍ ጀመረች።

«ወዴት ነው እናቱ?» አለች ሐኪሟ።

«ነፃ ነው አላሉኝም እንዴ ዶክተር?»

«ዝቅ ያለ ነው አልኩሽ እንጂ ነፃ ነው አላልኩም። ትኩሳቱ ገና አሁን ነው የጀመረው። ጠቋሚው ከፍ እስኪል ሰዓታት ይፈልጋል። ቆይተን ሁለተኛ ደም እንወስዳለን።»

«ኧረ እሱ ራሱ ስንት ደም አለውና!»

«ተይ እንጂ እህት ዓለም» አልኳት፤ «ደሙ ሳይፈስ ጄኔራል የሆነ ማን አለ?»

ማንም አልሳቀም።

ጠበቅን። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ስትሸሽ ነርሷ መጣች።

መርፌው ገባ...

ጄኔራሉ አፉን ከፈተ። ፊቱ ተጨማደደ።

ድምፅ ግን የለም።

እግሮቹ ቀዝቅዘዋል። ቆዳው ተዥጎርጉሯል።

«ወደ ላብራቶሪ ሩጥ!» አለችኝ ሐኪሟ፣ ደሙ ያለባትን ብልቃጥ እጄ ላይ አድርጋ።

ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ለቅሶ ሰማሁ። ቀጭን... የማውቀው ለቅሶ።

ዞር አልኩ። ማንም የለም።

መዳፌ ውስጥ የሆነ ነገር ተርገበገበ።

ብልቃጧን ወደ ጆሮዬ አስጠጋኋት...

ጄኔራሉ ነበር!

የላብራቶሪው ሰውዬ በመስኮቱ እጁን ዘረጋ። ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ታለቅሳለች?»

«አ... አዎ ጋሼ።»

«ለማንም እንዳትናገር። እኔ የሚያለቅሱትን ነው የማስቀድመው።»

ሌሎቹን ብልቃጦች ገፋ አድርጎ የእኛን ማሽኑ ውስጥ ከተታት። ቁጥሩ ሲወጣ ስልኩን አነሳ።

«ዶክተር፣ ጣራ ነክቷል! መድኃኒቱን አሁኑኑ!»

በደም ሥሩ መድኃኒት ጀመሩለት። በማግስቱ ጠዋት ጄኔራሉ ጣራው እስኪነቀል አለቀሰ። እህቴም አብራው አለቀሰች።

ይኸው ነው። አንድም ነገር አልጨመርኩም።

እሺ... አንድ ነገር ፈጥሬያለሁ።

ጄኔራሉ በማግስቱ አለቀሰ ያልኩትን።

ድኗል፣ ያውም ወፍሯል። ፈገግታው ልብ ይሰርቃል። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፁን ከአፉ የሰማ የለም።

ሲርበው የላብራቶሪው ሰውዬ ይደውልልናል።

«አጥቡት» ይላል በሹክሹክታ። «ብልቃጧ አላስቀምጥ አለችኝ...»