ኡዘይር ያልገባበት ክፍል

የኡዘይር ሥራ ማውራት ነው። ሱሉልታ በተከራያት ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ወጥሮ፣ የውጭ ፊልም በአማርኛ ይተርካል። ጀግናውም፣ ክፉውም፣ የሚያለቅሱት ሴቶችም እሱ ራሱ ነው። እኔ ኢክላስ ደግሞ ቡራዩ፣ በአባቴ ሞባይል ቤት ውስጥ፣ ለደንበኛ ፊልም በፍላሽ እጭናለሁ። የተዋወቅነው አዲስ ሥራውን ሊያስረክብ መጥቶ ነው።

«አንቺ ነሽ የምትጭኚው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ። አንተ ነህ እንደ ሴት የምታለቅሰው?»

ሳቀ። ከዚያ ዝም ብሎ አየኝ። እንደዚያ ያለ ለፍላፊ ዝም ሲል ያምራል። ወደድኩት።

ዓመት ሙሉ የተዋደድነው በስልክ ነው። አንዳንዴ ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ፣ ሦስት ታክሲ ተጋፍቶ ይመጣና ከባንኮኒው ማዶ አምስት ደቂቃ ያየኛል። እጄን እንኳ ነክቶት አያውቅም። አባቴ ሐጂ ከድሩ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው ስለሆኑ እንዲጠብቅ ለመንኩት። እናቴ ነገሩን እያለሳለሰችልኝ ነበር። ከአረፋ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተስማማን።

ለአረፋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ያንን ፊልም ተረከ። ግድግዳ በዳሰሱ ቁጥር ሌላ አገር ብቅ የሚሉ ሰዎች፣ የሚያሳድዷቸው ወታደሮች፣ ጥይት፣ ሄሊኮፕተር። ተራኪዎች ሰው እንዲስቅ የአገራችንን ሰፈር ጣል ማድረግ ይወዳሉ። ጀግናው ከባሕር ማዶ ተሰውሮ ሱሉልታ ገበያ ይገኛል፣ ከወታደሮቹ አምልጦ ሰበታ ይገባል። ሱቃችን ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ስክሪኑን እያየ ይንከተከታል። አባቴም ሳይቀሩ ፈገግ ብለዋል።

ቀጥሎ ጀግናው የሚወዳት ልጅ መኝታ ክፍል ውስጥ ተገኘ። የኡዘይር ድምፅ እንዲህ አለ፦

«ሦስት ታክሲ ሰለቸኝ፣ ኢኩዬ! ይኸው ቡራዩ መጣሁልሽ። አረንጓዴ መጋረጃሽ እንዴት ያምራል! የተሰነጠቀውን መስታወትሽን ግን መቼ ነው የምታስቀይሪው?»

ስክሪኑ ላይ መጋረጃው ነጭ ነው። መስታወት የሚባል ነገር የለም። ሳቁ ቆመ። ደንበኛው ሁሉ ኢኩ እያለ የሚጠራው እኔን ነው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «መስታወትሽ መሰንጠቁን በምን አወቀ?»

«በስልክ ነግሬው ነው፣ አባ።»

እውነቴን ነበር። ግን ማን ያምናል? ያን ቀን ጠዋት ብቻ ፊልሙን ሳላየው ለሃያ ሰው ጭኜላቸዋለሁ። ሳምንት ሳይሞላው ፊልሙ ከነወሬው ሰበታ ደረሰ።

ኡዘይር ደንግጦ አረፋን ሳይጠብቅ ሽማግሌ ላከ። እኔ ጓዳ ሆኜ አዳምጣለሁ።

«አካም ጅርቱ ሐጂ» ሲሉ ሰላምታ ሰጡ ሽማግሌው፣ የሱሉልታው ኦቦ ሀሰኖ። «ልጁ አጥፍቷል፣ አምኗል። ቤትዎን ግን ረግጦ አያውቅም፣ ወላሂ። ይስጡትና ወሬው ይሙት።»

«አንቱን አምናለሁ፣ ኦቦ ሀሰኖ» አሉ አባቴ። «ዛሬ ብሰጠው ግን ገብቶ ነበር ብዬ በሰው ፊት ማመኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ልጄን ማን ንጹሕ ይላታል?»

በማግስቱ ኡዘይር ደወለልኝ።

«እንጥፋ፣ ኢኩ።»

«ጠብቅ ነበር ያልኩህ፣ ኡዘይር።»

«ናፍቀሽኝ ነው! አንቺ ብቻ የምትስቂበት ቀልድ መስሎኝ ነው…»

«አብሬህ ብጠፋ አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ሊኖሩ ነው። ንጹሕ መሆኔን ማሳየት የምችለው አንተን ትቼ ብቻ ነው።»

ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ እስከ ዛሬ ያመኛል።

በዓመቱ ሰበታ ላለ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ለሙአዊያ ተዳርኩ። ደግ ሰው ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎብኝ አያውቅም። ስለዚያ ፊልም አንድም ቀን አልጠየቀኝም። አምኖኝ ነው ብዬ በልቤ አመሰግነው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ምሳ እየበላን ከጎረቤት የኡዘይር ድምፅ ተሰማ። ሌላ ፊልም ነው፣ ሌላ ሴት ሆኖ ያለቅሳል። ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። ሙአዊያ ትከሻዬን ዳሰስ አደረገኝ።

«አይክበድሽ፣ ኢክላስ። የሆነው ሆኗል። እኔ ገና ስትመጪ ይቅር ብዬሻለሁ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ያላደረግኩትን ይቅር ብሎኝ ነው ለካ የኖረው። ሳህኖቹን ሰብስቤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምነው ያኔ ከኡዘይር ጋር በጠፋሁ ኖሮ አልኩ።