የአስጎብኚው አወዳደቅ

አስጎብኚው አቶ ኢሳይያስ ሞተው የተገኙት ዴንቨር ውስጥ በአንድ አሮጌ የአውሮፕላን ማቆሚያ ሃንጋር በተቋቋመው የአቪዬሽንና የጠፈር ሙዚየም፣ ከቦምብ ጣዩ አውሮፕላን ሥር፣ በጀርባቸው ወድቀው ነው። ያገኘቻቸው ቲኬት ቆራጯ ልጃቸው ሶሲ ናት። አባት በልጁ ዓይን እንዲህ መታየት አልነበረበትም።

መርማሪ ሮሆቦት ስትደርስ ባልደረቦቿ ጉዳዩን ጨርሰውታል፤ ሽማግሌ ሰው፣ ወደ አውሮፕላኑ የሚያስወጣ ከፍ ያለ መሰላል፣ የሳተ እግር። ፖሊስ ሲቸኩል እንዲህ ነው። እሷ ግን መሰላሉን ወጥታ አናቱ ላይ ቆየች። እሳቸው የወደቁበትን ክፍት ቦታ የሚዘጋው ሰንሰለት በቁልፍ ተቆልፏል።

«የወደቀ ሰው ተመልሶ ሰንሰለት አይቆልፍም» አለች። «ሌላ ሰው አብሯቸው ነበር።»

ከሟቹ ሌላ የሰንሰለቱ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፤ ሶሲ፣ ጥበቃው እንዳልክና አቶ ይመር። አቶ ይመርም አስጎብኚ ናቸው፤ ወላጅ አጥተው ያደጉት በሟቹ እናት እጅ ነው። ዓይን ሁሉ ያረፈው ግን እንዳልክ ላይ ነበር። ሥራ ላይ ተኝቶ አቶ ኢሳይያስ ለአለቃው ነግረውበታል፤ «እንተያያለን» ብሎ መዛቱንም አልካደም። ጠዋት አውሮራ ከተማ ቤቴ ነበርኩ ይላል፤ ያየው ሰው የለም። ብታሰር ልጆቼን ማን ያሳድጋል እያለ ይማጸን ነበር።

አቶ ይመር ሮሆቦትን አንድ ነገር ብቻ ለመኗት። «እናታችን እንዳትሰማ፤ ልቧ ደካማ ነው። ነገ ማለዳ ሽማግሌ ይዘን መርዶውን እንነግራታለን።»

ሮሆቦት ቃሏን ጠብቃ፣ የሶሲ ጓደኛ ነኝ ብላ ግሌንዴል ሰፈር ወዳለው አፓርታማ ገባች። ከልጅ ልጃቸው ከሶሲ ጋር የሚኖሩት የሟቹ እናት እማማ መሠረት ስልካቸውን አጥተው ተበሳጭተዋል።

«ዛሬ ጠዋት ይመር ደህና የሚሠራውን ላስተካክለው ብሎ ወሰደው» አሉ። «ሶሲ ገና ሻወር ውስጥ ነበረች። ቴሌቪዥኑንም ነቅሎብኝ ሄደ።»

ሮሆቦት ተሰናብታ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ግን ወዲያው አልተነሳችም፤ አዝናለች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን አውሮፕላኑ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ሲወርድ ሰንሰለቱን መቆለፍ የአስጎብኚ ልማድ ነው፤ ልጆች እንዳይወድቁ» ብላ ጀመረች። «ሰው ሲሞት ደግሞ እናቱ ድንገት እንዳትሰማ ስልኳን እንደብቃለን። አቶ ይመር፣ እርስዎም ይህንኑ አደረጉ፤ ደግነት ነው። ግን አስከሬኑን ያገኘችው ሶሲ ናት። ስልኩ የተወሰደው ሶሲ ከቤት ሳትወጣ ነው። ያኔ መሞታቸውን ማን ያውቅ ነበር?»

«ድምፅዎን ሰምቻለሁ ጋሼ» አለች ሶሲ። «እማማን ሰላም ሊሉ የመጡ መስሎኝ ነበር።»

አቶ ይመር አልካዱም። ለጎብኚ ሁሉ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበርኩ ሲሉ ኖረዋል፤ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ ግን የመጋዘን ሠራተኛ ነበሩ። በዚያ ቀን የልጅ ልጃቸው ሔቨን ከክፍሏ ልጆች ጋር ልትመጣ ነበር። አቶ ኢሳይያስም፣ ሕፃናቱ ፊት ከዋሸህ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብለዋቸዋል።

«ገፋሁት» አሉ። «እንዲሞት ብዬ አይደለም። ሔቨን ፊት እንዳያዋርደኝ ነው።»

በማግስቱ ማለዳ፣ አቶ ይመር እስር ቤት ሳሉ፣ ሶሲና ሽማግሌዎቹ የእማማ መሠረትን በር አንኳኩ። አሮጊቷ የሶሲን የተዘቀዘቀ ነጠላ አይተው ግድግዳውን ያዙ።

«የትኛው ልጄ ነው?»

ሶሲ አቀፈቻቸው።

«ሁለቱም» አለች።