ክንፋቸው እስኪያድግ

ዙህራ ያደገችው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለችው የአባቷ ሱቅ ነው። ከፊት ቁልፍና ማጠፊያ ይሸጥባታል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ግን ከጫካ ተጠምደው የመጡ፣ ራሳቸው ቢጫ፣ ገላቸው አረንጓዴ በቀቀኖች በድብቅ ይሸጡ ነበር። እንዳይበሩ የክንፋቸውን ላባ በመቀስ የምትቆርጠው እሷ ናት። አባቷ ሐጂ አብዱልሃኪም «እጅሽን አይፈሩትም» ይሏት ነበር።

ኢርፋን የሚባል ወጣት መጀመሪያ የመጣው ገዢ መስሎ ነው። በሳምንቱ ተመለሰ፤ ከዚያም በየሳምንቱ። ወፍ ሳይገዛ ወሬ ያረዝማል። ዓይኗን ሰረቅ አድርጎ አይቶ መልሶ ሲያቀረቅር፣ ልቧ ቀስ በቀስ ወደ እሱ አዘነበለ። ሁለት ጊዜም ፒያሳ ኬክ ቤት ተቀምጠው ማኪያቶ ጠጡ።

በሦስተኛው ወር ተቆጣጣሪዎች ሱቁን ፈትሸው አሥራ አራት በቀቀን ወረሱ። ሐጂም ተቀጡ። ጠቋሚው ኢርፋን እንደሆነ፣ የሚሠራውም ወፎች በሚያገግሙበት ግቢ እንደሆነ ዙህራ ያን ዕለት ሰማች።

በማግስቱ ልትሰድበው አፍንጮ በር ወዳለው ግቢ ሄደች። ኢርፋን አንዲት የታመመች በቀቀን ውኃ በጠብታ ያጠጣ ነበር።

«ዋሸኸኝ» አለችው።

«ስለ ሥራዬ ዋሽቻለሁ። ስለ አንቺ የተናገርኩት ግን አንዱም ውሸት አልነበረም።»

ያዘጋጀችው ስድብ ብዙ ነበር። ነገር ግን ከሽቦው ማዶ አንዷ ወፍ ልትበር ተነሥታ መሬት ላይ ስትወድቅ አየች። ክንፏ የተቆረጠው በዙህራ እጅ ነው፤ አቆራረጧን አትስተውም። ላባው መልሶ ይበቅል እንደሆነ ጠየቀችው። ወራት እንደሚፈጅ፣ እስከዚያ ግን ሁሉም በሕይወት ላይቆዩ እንደሚችሉ ነገራት።

«በየቀኑ እመጣለሁ» አለች። «ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ።»

እንዳለችውም በየቀኑ መጣች። አምስቱ ወፎች ሞቱ፤ አምስቱንም በእጇ ቀበረች። ከኢርፋን ጋር ጎን ለጎን የወፎቹን ጎጆ ሲያጸዱ፣ ሥራው ከንግግር በላይ ያቀራርባቸው ጀመር። እሱ ሽማግሌ ላከ፤ ሐጂ ግን ገመናዬን ያወጣ ሰው ደጄን አይረግጥም ብለው ሁለት ጊዜ መለሱ።

ዙህራ አባቷ ፊት ተቀመጠች።

«አባባ፣ ላባቸውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ እስኪበሩ አልተዋቸውም። እሱንም አልተወውም። ያለ እርስዎ ምርቃት ግን አላገባም። እጠብቃለሁ።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን አንሥተው ወጡ።

ወፎቹ በተወረሱ በስምንተኛው ወር፣ በአንድ ማለዳ፣ የተረፉትን ዘጠኝ ወፎች እንጦጦ ጽድ ጫካ ወሰዷቸው። ዙህራ ቀኑን ለአባቷ ነግራ ነበር፤ ይመጣሉ ብላ ግን አልጠበቀችም። ሐጂ ከታክሲ ወርደው ራቅ ብለው ቆሙ። የጎጇቸው በር ሲከፈት በቀቀኖቹ አንድ በአንድ ወጥተው፣ እየተጠራሩ ከጽዶቹ በላይ ከፍ አሉ።

ሐጂ ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ቆዩ። «ሠላሳ ዓመት ስሸጣቸው፣ አንዲቷን እንኳ ስትበር አይቼ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ወደ ኢርፋን ዞሩ። «ሽማግሌዎችህ ጁምዓ ይምጡ።»

ኢርፋን ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ።

«ይመጣሉ፣ አባባ» አለች ዙህራ።