መብራት ሲመጣ ሰላም የምትል ኮምፒውተር

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ጅን መኖሩን ቁርአን ውስጥ ስላለ አምናለሁ፣ አልክድም፣ ግን እዚህ ከሚሴ ድረስ መጥቶ የሒሳብ መምህርት ቤት ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም፣ አብረውኝ የሚያስተምሩ ሴቶች በእረፍት ሰዓት ስለሙት ድምጽ ምናምን ሲያወሩ "እናንተ ደግሞ ሥራ ፈታችሁ" ብዬ ደብተሬን ማረም እቀጥላለሁ። እነሱ ፊት የማላወራውን ነው አሁን ለእናንተ የምነግራችሁ፣ ብታምኑም ባታምኑም አልቀየማችሁም።

ባለቤቴ ሰይድ ሬዲዮና ሞባይል ጠጋኝ ነበር፣ ሱቁ መናኸሪያው አጠገብ ነው፣ ነፍሱ ግን ቤት ካለችው አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ነበረች። ራሱ ነው ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ የገጣጠማት። ሰው ሁሉ በዊንዶውስ ሲሠራ እሱ "የእኔ ሊኑክስ ነው" እያለ ይመጻደቃል፣ ሊኑክስ ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ሰይድ ዛሬ አንዱን ጭኖ ከርሞ ያወጣውና ሌላ ይጭናል፣ እኔም "ሚስት እንዲህ የምትቀያይር ብትሆን ኖሮ እኔ የት እገባ ነበር?" እያልኩ እስቅበት ነበር። በመጨረሻ ኡቡንቱ የሚባለው ላይ ረጋ።

ከዚያ አንድ ነገር ሠራ። የከሚሴን መብራት ታውቁታላችሁ፣ ሲሄድም ሲመጣም አይናገርም። እሱም ኮምፒውተሯ መብራት ሲመጣ በራሷ እንድትነሳ አደረጋት፣ ተነስታ ስታበቃ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ሆኖ የቀዳውን የራሱን ድምጽ ታሰማለች፣ "አሰላሙ ዐለይኩም! ሐዋ፣ መብራት መጣ!" ይላል። ግቢው በሙሉ ይሰማዋል። ጎረቤቶቻችን ሳቢሳው እንጀራው እያሉ ምጣዳቸውን የሚሰኩት እሱን ሰምተው ነው፣ እኔም ያለሁበት ሆኜ "ወዐለይኩሙ ሰላም!" እላለሁ፣ ሰላምታ ተብሎ ዝም አይባልማ።

አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ብሎ በጠዋት ወጣ፣ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ፣ በዚያው ቀረ። በአጭሩ የምነግራችሁ ያኔም የተሰማኝ እንዲሁ ስለሆነ ነው። አላለቀስኩም። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት መርፌ ተወግታችሁ ታውቃላችሁ? ከንፈራችሁን ብትነክሱት የእናንተ አይመስላችሁም፣ እኔ ሁለመናዬ እንደዚያ ሆነ፣ ለቀስተኛው "አብሽሪ፣ አልቅሺ ይውጣልሽ" ይለኛል፣ እኔ ደግሞ የሻይ ብርጭቆ ስንት እንደጎደለ እቆጥራለሁ።

ኢዳ ገባሁ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ከቤቷ አትርቅም፣ አትኳልም፣ ባዕድ ወንድ ቤቷ አይገባም። የሰይድ እናት፣ እማ ዘምዘም፣ ልታጽናናኝ ከጨፋ ሮቢት መጥታ አብራኝ ተቀመጠች። መብራቱም ይሄዳል ይመጣል፣ በመጣ ቁጥር ያቺ ኮምፒውተር ትነሳና "ሐዋ፣ መብራት መጣ!" ትለኛለች። አንድም ቀን አልመለስኩም። ገመዱን አንዴ ነቅዬው ነበር፣ እማ መልሳ ሰካችው፣ ስጠይቃት "ኢልመ ኮ በእጁ የሰካው ነው፣ ልጄ የሰካውን አትንቀይብኝ" አለችኝ። ስለ ገመዱ ብቻ የምትናገር ነበር የመሰለኝ።

ድምጹን ለይቼ ማጥፋት አላውቅበትም፣ የሰይድ ነገር ሁሉ ጥቁር ላይ በነጭ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ለጓደኛው ለከማል ደወልኩና "ኮምፒውተሯ ተንቀራፈፈች፣ ሌላ ሊኑክስ ጫንልኝ" አልኩት። እሱም "ደቢያን ላይ እናሻግራት፣ ለአሮጌ ማሽን እሱ ይሻላል" አለ፣ ሲዲውንም በጎረቤት ሴት እጅ ላከልኝ፣ ችግሩ ኢዳ ላይ ስለሆንኩ ገብቶ መጫን አይችልም። ምን አደረግን መሰላችሁ? እሱ በውጭ በኩል መስኮቱ ስር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ መጋረጃው ተዘጋ፣ እኔ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፣ እሱ ምን እንደምጫን ይነግረኛል። መንገደኛው ቆም ብሎ ያዳምጠን ነበር፣ ወላሂ።

"አሁን ምን ይላል?"

"ዲስኩን ክፈል ይላል።"

"እሺ ስሚኝ ሐዋ፣ ጭንቁ እዚህ ጋ ነው። ዲስኩ ሁለት ቦታ ተከፍሏል፣ አንደኛው ሲስተሙ ነው፣ እሱ ይጥፋ። ሁለተኛው ላይ የሰይዶ ፋይሎች አሉ፣ ፎቶውም ድምጹም እዚያ ነው። እሱን ፎርማት እንዳታደርጊው፣ ያለውን አቆይ በይው። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

ደግሞም ገብቶኛል። ፎቶዎቹን በዋዜማው በፍላሽ ገልብጫቸዋለሁ፣ ድምጹን ግን አልገለበጥኩም፣ ሁለቱንም ፎርማት አድርግ አልኩት።

"አቆይ አልሽው?"

"አልኩት።"

እማ በሩ አጠገብ መስገጃዋ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። መጫኑ ግማሹን አልፎ ነበር፣ "ማሊ ኢንተላ ኮ፣ ምን እያረግሽው ነው ልጄ?" አለችኝ።

"እያደስኩት ነው እማ።"

"አድሺው። ድምጹ ብቻ እንዳይነካ። እኔ ቤቴን ዘግቼ እዚህ የተቀመጥኩት ለሱ ነው፣ መብራት እስኪመጣ ነው የምጠብቀው፣ ከሱ ወዲያ ምን ቀረኝ?"

"አይነካም" አልኳት። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ እኔም አየዋለሁ። ያኔ ማልቀስ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ፣ ግን ምንም አልመጣም፣ መስመሩ እስኪያልቅ ብቻ ተመለከትኩ። ከማል ከመሄዱ በፊት "ለድምጽ የሚያስፈልገው ሲዲው ላይ የለም፣ ለጊዜው ዲዳ ናት፣ በሌላ ቀን አመጣለሁ" አለ። እኔም በልቤ፣ ለእማ የምነግራት ምክንያት አገኘሁ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መብራት ሄደ። ልብ በሉ፣ የምነግራችሁ በጠራራ ፀሐይ የሆነ ነገር ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል፣ እማ መስገጃዋ ላይ ናት፣ እኔ የቀሚስ ጠርዝ እሰፋለሁ። መብራት መጣ። ኮምፒውተሯ እንደ ልማዷ ራሷ ተነሳች፣ ማራገቢያዋ ጮኸ፣ የአዲሱ ሊኑክስ ሰማያዊ ገጽ ወጣና ስምሽን ጻፊ ብሎ ቆመ። ዝም። እፎይ ልል ስል ስፒከሮቹ ጠቅ አሉ፣ መብራት ሲመጣ አንዳንዴ ይላሉ፣ ቁም ነገር አላልኩትም። ቀጥሎ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚሰማ ዓይነት ኮሽታ መጣ፣ የጎረቤት ነው አልኩ። ክሩን ልበጥሰው በጥርሴ ነክሼዋለሁ፣ እመኑኝ፣ ክሩ አፌ ውስጥ ነው፣ ከንፈሬ ተዘግቷል።

"ወዐለይኩሙ ሰላም" አለ አንድ ድምጽ በኮምፒውተሯ በኩል።

የሰይድ አይደለም። የእኔ ነው። የገዛ ድምጼን፣ ትንሽ ሻከር ብሎ፣ ከሦስት እርምጃ ርቀት ሰማሁት።

እማ ወደ እኔ ዞረች፣ ፊቷ በርቷል፣ ሰይድ ከሞተ እንደዚያ አይቻት አላውቅም። "አልሃምዱሊላህ! ዛሬስ መለስሽለት!"

"ለማን?"

"ለሰይዴ ነዋ። መብራት መጣ ሲልሽ አልሰማሽም እንዴ? እኔ እኮ እስከዛሬ በአንቺ ፈንታ ስመልስለት ነው የከረምኩት።"

ተነስቼ ስፒከሮቹን አየኋቸው። ቦታቸው ናቸው። ሌላው ቢቀር እንዲህ ብዬ ላስብ፣ እናት ናት፣ የለመደ ጆሮዋ ያልተባለውን ሰማ፣ ይሁን፣ የእኔ ድምጽስ? ለከማል በዘዴ ጠየቅኩት፣ ሰይድ ሲቀዳ አብሮት ሱቁ ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ፣ ኮምፒውተሯም ዲዳ መሆኗን ደግሞ አረጋገጠልኝ። ከዚህ በላይ ምን ብዬ ልጠይቀው?

ከዚያ ቀን ወዲህ እማ በየመብራቱ ትሰማዋለች። እኔ አንድም ጊዜ አልሰማሁም፣ የራሴም ድምጽ አልተመለሰም። አጠገቧ ቁጭ እላለሁ፣ መብራት ሲመጣ እሷ "ወዐለይኩሙ ሰላም ኢልመ ኮ" ትላለች፣ ከዚያ ዞር ብላ "ሰማሽው?" ትለኛለች፣ እኔም "ሰማሁት እማ" እላለሁ። እውነቱን ብነግራት ድምጹን በእጄ እንዳጠፋሁት ልነግራት ነው፣ የሚሰማት ከሆነ ደግሞ ምን ቸገረኝ፣ ይሰማት አልኩ። ውሸቱ እንኳ አልቆረቆረኝም፣ እንዲያ ነበርኩ።

ኢዳዬ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ እንደተለመደው መብራት መጣ፣ ኮምፒውተሯ ተነሳች፣ እማ ግን አልመለሰችም። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ረጅም ነገር የምታዳምጥ ትመስላለች። መቁጠሪያዋ ከእጇ ወደቀ፣ አላነሳችውም። ቆይታ ቆይታ "ሰማሽው?" አለችኝ።

"ሰማሁት እማ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም" አልኩ፣ ምን ልበል።

ፊቴን አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ አየችኝ፣ ከዚያ "እንግዲህ ለአንቺ ነው የተናገረው፣ እኔ አልገባበትም" አለችና ሶላቷን ሰገደች። በማግስቱ ዕቃዋን ሸክፋ ወደ ጨፋ ሮቢት ተመለሰች፣ ድምጹን ብላ የተቀመጠች ሴት ድምጹን ትታ ሄደች።

ይኸው ስንት ዓመት ሆነው። ኮምፒውተሯን ለከማል ሰጠሁት፣ እሱ ጋ ምንም አትልም። ከእማ ጋር በስልክ እንገናኛለን፣ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ትነግረኛለች፣ ልትዘጋ ስትል ግን ሁልጊዜ ድምጿን ዝቅ ታደርግና "ኢንተላ ኮ፣ ሰይዴ ያለሽን ታደርጊለታለሽ አይደል?" ትለኛለች።

"ኢንሻአላህ እማ፣ አደርገዋለሁ" እላታለሁ። ምን እንዳለኝ አላውቅም።