ከጣውላው ጀርባ ያለው አጋዘን

ኤቴሪ ሎሚዜ በፋብሪካ ከተማዋ በዘስታፖኒ አሮጌ መናኸሪያ አዳራሽ ውስጥ፣ በጣውላ በተሸፈነ ግድግዳ ሥር በጀርባዋ ተዘርግታ የተገኘችው ከፋሲካው ሰኞ ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሰኞ የከተማው ሰው ሁሉ ቀይ እንቁላልና ወይን ይዞ ወደ መቃብር ወጥቶ ነበር። ኤቴሪ የራሷን ሙታን ትታ ባልዲና መሰላል ይዛ እዚህ መጣች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸውን የሶቪየት ዘመን ሕንፃዎች ስትቆጥር፣ ስትለካና አታፍርሱ እያለች ስትለምን የኖረች ሴት ናት። ከተማው እብድ ይላት ነበር። ከሞተች በኋላም አልተወውም።

«አደጋ ነው» አለ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ። «ሴትዮዋ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። መሰላሉም ከእሷ አያንስም። ወደቀች፣ አለቀ።»

ከኩታይሲ ከተማ የተላከችው መርማሪ ማሬኺ ጋብኒያ ወደ አስከሬኑ ቀረበች። አጭር፣ እርምጃዋ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲያወራ ከፊቱ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። ተንበርክካ የሟቿን እጅጌ ዳሰሰች፤ እስከ ክርኑ ረጥቦ ገና አልደረቀም። አጠገቧ ያለው ባልዲ ውሃ ከሰል የታጠበበት ይመስል ጠቁሯል፤ ስፖንጅ ተነክሮበታል። ቀጥላ ጣውላውን በጣቷ አበሰችው። ጣቷ ላይ የቀረው ደረቅ አቧራ ነው።

«ምን ስታጥብ ነበር?» አለች።

«ግድግዳውን ይሆናላ።»

«ግድግዳው የታለ ታዲያ?»

አዛዡ ጣውላውን አየ። ማሬኺ ወደ ምስማሮቹ ጠቆመችው። አካላቸው ዝጓል፤ አናታቸው ግን አዲስ የመዶሻ ምት አርፎበት ያብረቀርቃል።

«ጣውላው ሰኞ ዕለት ወርዶ ነበር። እሷ ስታጥብ የነበረው ከጀርባው ያለውን ነው። ከሞተች በኋላ መልሶ የመታው ሰው አለ። ስልኳስ የት ሄደ?»

ስልኳ አልተገኘም። ማሬኺ ደንቡ እንደሚያዘው አዳራሹን አሽጋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

መጀመሪያ ያናገረቻት አስከሬኑን ያገኘችውን ዶዶን ነው። ዶዶ በአዳራሹ ጥግ ቁልፍና ምስማር ትሸጣለች፤ የበሩ ቁልፍም በእሷ እጅ ነው።

«እትዬ ዶዶ፣ ጣውላውን ማን መታው?»

«ያኔ ሶቪየት በፈረሰ ማግስት፣ በጦርነቱ ክረምት ነዋ! እንጀራ ፈላጊው ሁሉ አዳራሹን ከፋፍሎ ሱቅ አደረገው። እኔ ስመጣ ተመትቶ ነው ያገኘሁት። ከጀርባው ምን እንዳለ አይቼ አላውቅም፤ ኤቴሪ ግን ሥዕል አለ ትል ነበር። ቅዳሜ ቁልፍ ስጪኝ አለችኝ። ሰኞ ሰው የለም፣ ማንም አይከለክለኝም አለች። ሰጠኋት። ባልሰጣት ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበረች።» ዶዶ መሀረቧን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ከባሏ መቃብር እንዳልተነሳች ሃያ ጎረቤት መሰከረላት።

ሁለተኛው ባድሪ ነበር፤ ቦታውን የገዛው፣ መናኸሪያውን አፍርሶ የገበያ ማዕከል ሊሠራ ያሰበው ሰውዬ። ከተማው ገዳዩን ቀድሞ መርጦ ነበር፤ ስሙም ባድሪ ነበር።

«ጠልተሃት ነበር?» አለችው ማሬኺ።

«ራሴን ታሳምመኝ ነበር። ግን ለምን እገድላታለሁ? የማፍረሻ ፈቃዴ ወጥቷል። የቅርስ ባለሙያው ሥዕሉ ጠፍቷል ብሎ ፈርሟል። እስከ አርብ እኩለ ቀን ድረስ ተቃውሞ ካልገባ ሰኞ ማሽን አስገባለሁ።»

«ሥዕሉ ምን ነበር?»

«የወረቀቱን ሥዕል ነው እንጂ ግድግዳውን የት አይቼ? እኔ የባቱሚ ልጅ ነኝ። ኤቴሪ ያንን ወረቀት አፍንጫዬ ሥር ስታወዛውዘው ኖራለች። በግራ በበሩ በኩል አጋዘን፣ በቀኝ በትኬት መስኮቱ በኩል ወይን የተሸከመች ልጃገረድ። ሕልሜ ውስጥ ሁሉ ገብተዋል።» ሰኞን ባቱሚ፣ አባቱ መቃብር ላይ፣ ከአርባ ዘመድ ጋር ነው ያሳለፈው።

ረቡዕ ጠዋት ማሬኺ ሊፍቱ ከሞተ ዓመታት ያስቆጠረ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ወጣች። ያን የጠጠር ሥዕል፣ ሞዛይኩን የሠራው ጁምበር እዚያ ይኖራል። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ያለ ደጋፊ ደረጃ አልወረደም። በዕድሜው አሥራ አንድ ግድግዳ ሠርቷል። አሥሩ ፈርሰዋል።

«የሚቀረኝ ይኼ ብቻ ነው ልጄ» አላት። «ኤቴሪ ጣውላውን ከፍታ ፎቶ ልታነሳና አርብ ሳይደርስ ልታስገባላቸው ነበር። ያኔ ሊያፈርሱት አይችሉም።»

«ሥዕሉን እንዴት ነበር የምትሠሩት፣ ጋሽ ጁምበር?»

የሽማግሌው ፊት በራ። «የመስታወት ጠጠሩን ፊቱን ወረቀት ላይ ደፍተን እንለጥፈዋለን። ስንሠራ የምናየው ጀርባውን ነው። ከዚያ ከነወረቀቱ ግድግዳው ላይ እንገጥመዋለን። ሲደርቅ ወረቀቱን በውሃ አርሰን እንልጠዋለን። የሥራችንን ፊት የምናየው ያን ቀን ነው። ሚስቴ ከልጅ መውለድ አይለይም ትል ነበር።» ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለ ረጅም ቡናማ ወረቀት አመለከተ። «የቀረኝ ይሄ የሥራ ወረቀት ነው። ዋናው ንድፍ ከሥራ ክፍሌ ጋር ተቃጥሏል። በየመዝገቡ የምታዪው ሥዕል ሁሉ ከዚህ የተገለበጠ ነው።»

ማሬኺ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። አጋዘኑ በግራ፣ ልጃገረዷ በቀኝ።

«ስለዚህ ነገር የጠየቀዎት ሰው አለ?»

«ከኤቴሪ በቀር በሃያ ዓመት ውስጥ በሬን ያንኳኳ የለም።» ሽማግሌው ጎንበስ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው አሉ። አንድ ፎቶ አንሺ ሰው አስገቢልኝ። አንድ ፎቶ ብቻ።»

«አልችልም ጋሽ ጁምበር። ማስረጃ ይበላሻል። ምርመራው እስኪያልቅ ማንም አይገባም።»

«እንግዲያው ቶሎ ጨርሺው» አላት።

ማሬኺ ልቧ ተነካ፤ ደንቡን ግን አልጣሰችም። ለእሷ የሚራራ ሰው እንኳ ይህን ይቅር ለማለት ይቸግረዋል።

ሐሙስ የቅርስ ባለሙያውን ሬቫዝን አነጋገረችው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የኤቴሪ ተማሪ ነበር። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል፤ ልቅሶው የእውነት ነበር።

«አስተማሪዬ ብቻ አልነበረችም፣ እናቴም ነበረች» አለ። «ሰኞ መቃብር ነበርኩ። ሰው ብዙ ነበር፣ ማን እንዳየኝ አላውቅም።»

«ግድግዳው ላይ ምን ነበር?»

«ያሳዝናል፣ ውብ ሥራ ነበር። በትኬት መስኮቱ በኩል ውሃ የሚጠጣ አጋዘን፣ በበሩ በኩል ልጃገረዷ። አሁን ጠፍቷል። የካቲት ላይ መርምሬ ጽፌያለሁ።»

«ሪፖርቱን ማየት እችላለሁ?»

«መዝገብ ቤት ነው ያለው። ሳምንቱ በዓል ስለሆነ ይዘገያል እንጂ ችግር የለም።»

እውነትም ዘገየ። ሪፖርቱ ማሬኺ እጅ የገባው አርብ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አንብባ እንደ ጨረሰች ሁሉንም ወደ አዳራሹ ጠራች። ጁምበርን ሁለት ፖሊሶች በወንበር ተሸክመው አወረዱት። ባድሪ ሰዓቱን እያየ ቆመ፣ ዶዶ መሀረቧን አጥብቃ ያዘች፣ ሬቫዝ ከሁሉም ኋላ ቀረ።

«ኤቴሪን የገደላት ጣውላውን መልሶ የመታው ሰው ነው» ብላ ጀመረች ማሬኺ። «ለምን ይመታል? ከጀርባው ያለው እንዳይታይ ስለፈለገ። ሥዕሉ አለ ቢባል የሚጎዱ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ባድሪ ነው፤ ሰኞ ባቱሚ ነበር። ሌላው ሥዕሉ ጠፍቷል ብሎ የፈረመው ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ሬቫዝ ዞሩ።

«የጠፋ ነገር ጠፋ ብዬ ጻፍኩ» አለ። «ይሄ ወንጀል ነው?»

«አጋዘኑ በየት በኩል ነበር ያልከኝ?»

«በትኬት መስኮቱ በኩል። በቀኝ።»

«ባድሪ በግራ ነው አለኝ። የጋሽ ጁምበር ወረቀትም በግራ ነው የሚለው። ጋሽ ጁምበር፣ ማነው ልክ?»

ሽማግሌው ጥያቄው ገርሞት አያት። «ግድግዳው ላይ በቀኝ ነው እንጂ። ነገርኩሽ እኮ፣ ወረቀቱ ላይ ፊቱን ደፍተን ነው የምንሠራው። ወደ ግድግዳው ሲዞር ግራው ቀኝ ይሆናል።»

«እኔም ባለሙያ ነኝ» አለ ሬቫዝ ፈጠን ብሎ። «ወረቀቱ ግልብጥ መሆኑን አውቃለሁ።»

ማሬኺ ከቦርሳዋ ሪፖርቱን አውጥታ አነበበች። «‹በግራ በኩል አጋዘን፣ በቀኝ በኩል ልጃገረድ የነበሩበት ሞዛይክ በቦታው ተመርምሮ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ ተረጋግጧል።› የካቲት ላይ በግራ ነበር። ሐሙስ ዕለት በቀኝ ሆነ። በመካከሉ ማን አረመህ? ጋሽ ጁምበርን አልጠየቅህም፤ በሩን ያንኳኳ የለም። ጣውላው ከጦርነቱ ክረምት ወዲህ የተከፈተው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሰኞ። ያን ቀን እዚህ ቆመህ በዓይንህ አየኸው። የካቲት ላይ ግን ወደዚህ አዳራሽ ዝር አላልክም።»

ማሬኺ ፖሊሶቹን ጣውላውን እንዲያወርዱ አዘዘቻቸው። ምስማሩ እየጮኸ ተነቀለ፤ ጣውላው አንድ በአንድ ወረደ። ዘጠኝ ሜትር ሥዕል ከፋብሪካው ጥላሸት ሥር ወጣ። ኤቴሪ ያጠበችው ቀኙን ጫፍ ብቻ ነበር፤ እዚያ አጋዘኑ በሰማያዊ ውሃ ላይ ጎንበስ ብሏል። አንድ ጠጠር አልጎደለበትም። ዶዶ ሃያ ስምንት ዓመት ጀርባዋን ሰጥታው ስትሸጥ የኖረችውን ግድግዳ አይታ አማተበች።

ሬቫዝ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ።

«እሷ ናት የደወለችልኝ» አለ። «ከማንም በፊት ለእኔ። ‹ሬቫዝ፣ ሙሉ ነው፣ ና እየው› አለችኝ። ደስታዋ... መጀመሪያ አልተቆጣችም። ተሳስተሃል፣ እናርመዋለን አለች። ከዚያ ጠየቀችኝ። ‹የወንዝ ዳሩ ሲኒማ ቤትስ? የሠራተኞቹ መዋኛስ? ሄደህ አይተሃቸው ነበር?›»

«አይተሃቸው ነበር?» አለች ማሬኺ።

«ከዚህ ሌላ ዘጠኝ ሕንፃ ላይ ፈርሜያለሁ። አንዱንም አላየሁም። አለቆቼ የሚፈልጉት ጠፍቷል የሚል ወረቀት ነበር፤ እኔም ቢሮዬ ቁጭ ብዬ እጽፍ ነበር። ዘጠኙም ፈርሰዋል፤ የቀረው ይሄ ብቻ ነው። ዝም እንድትል ፈለግሁ። እሷ ላዩ ላይ እያለች መሰላሉን ያዝኩና ነቀነቅሁት። ስልኳን ወንዝ ውስጥ ጣልኩት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ማሬኺ ወደ ባድሪ ዞረች።

«ሪፖርቱ ሐሰት ነው። ፈቃድህ ዋጋ የለውም።»

ባድሪ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲመልስ እንኳ አንገቱን ደፋ። «ሐሰት ቢሆንም ተፈርሟል። የሚሽረው ሌላ ባለሙያ ነው፤ የክልሉ ባለሙያ ደግሞ አሁን የወሰዳችሁት ልጅ ነው። ተቃውሞውም እስከ ዛሬ እኩለ ቀን ነበር የሚገባው። በሩ ታሽጎ ነበራ።»

ማሬኺ ስልኳን አውጥታ ወደ ቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ደወለች፤ ስሟን፣ ማዕረጓን፣ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። አቤቱታውን የጀመረችው ኤቴሪ ራሷ መቅረብ አለባት አሏት። ሞታለች አለች። እንግዲያው አዲስ አመልካች፣ አዲስ መዝገብ፣ ሦስት ወር። ሰኞ ሊያፈርሱት ነው አለች። መስመሩ ላይ የነበረችው ሴት መልካም በዓል ተመኝታላት ዘጋችው።

ማሬኺ ወደ ጁምበር ወንበር ሄደች። ረቡዕ ዕለት በሩን ከፍታለት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር፤ ሁለቱም ያውቁታል። ሽማግሌው አጋዘኑን እያየ ነበር።

«ጋሽ ጁምበር፣ እኔ ነኝ...»

«ተይው ልጄ። ሥራሽን ነው የሠራሽው።» ወደ ዶዶ ዞረ። «ዶዶ፣ ምስማር አለሽ?»

«አለኝ፣ ምን ሊያደርግልህ?»

«ጣውላውን መልሱልኝ። ሰኞ ሲመጡ የሚሰብሩት ጣውላ ይሁን። ፊቱን አይተው እንዲሰብሩት አልፈልግም።»

ዶዶ ከሱቋ አንድ እፍኝ ምስማር አመጣች። ባድሪ ጃኬቱን አውልቆ የመጀመሪያውን ጣውላ አነሳና በአጋዘኑ ፊት ላይ ደግፎ ያዘው። ማሬኺ መዶሻውን ተቀብላ መምታት ጀመረች።