እሳተ ገሞራ ያልሆነው ሐይቅ

ሱፊያን ሙርሺዳን ያወቃት በአንዲት ጥያቄ ነው። ከፕሪቶሪያ በማይርቀው ከተማ፣ ጀፕስታውን ሰፈር፣ እህቷ ባህሪያ ብርድ ልብስ በጅምላ ከምትሸጥበት ሱቅ ገብቶ ዕቃውን እያሰረ ሳለ፣ ከአገር ከመጣች ገና ወር ያልሞላት ልጅ ከጥቅሎቹ ጀርባ ብቅ አለች።

«ይሄ ሁሉ የት ነው የሚሄደው?»

«ኦሬንጅ ፋርም።»

«ኦሬንጅ ብርቱካን ማለት አይደል? እዚያ ብርቱካን አለ?»

ሱፊያን ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቁ ኦሬንጅ ፋርም ናት፤ ያንን ረጅም መንገድ ለዓመታት ተመላልሶበታል፤ ከጠዋት እስከ ማታ በአገሬው ቋንቋ «ሳውቦና» እያለ ሰላምታ ሲሰጥ ይውላል። ብርቱካን ይኑር አይኑር ግን ጠይቆ አያውቅም።

«እንጃ» አለ እያፈረ።

«እንግዲያው ስትመለስ ትነግረኛለህ።»

በሳምንቱ ዕቃ ሳያልቅበት ተመለሰ። «ብርቱካን የለም» አላት። «አንዲት ጎጎ፣ አሮጊት ማለት ነው፣ ብጠይቃት ሳቀችብኝ። ‹ከአንተ ሱቅ በቀር የት አይቼው!› አለችኝ።»

ሙርሺዳ እስክትንበረከክ ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሱፊያን በሄደበት ሁሉ መጠየቅ ለመደ፤ ለእሷ የሚነግራት ነገር እንዳያጣ።

እሱ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ እሷ የስልጤ። የሚግባቡት በአማርኛ ነው። አንዱ ቃል ሲጠፋበት ሌላው ይጠብቀዋል፤ እንዲያ ዝም ብለው ሲተያዩ የማያልቅ ጊዜ ያልፋል። ሽማግሌ ያስላከውም ያ ዝምታ ሳይሆን አይቀርም። ኒካህ ታሰረ። ሜይፌር በሚባል ሰፈር፣ የሱፊያን ታላቅ ወንድም ዩሱፍ ቤት፣ አንድ ክፍል ተሰጣቸው።

ዩሱፍ ሱፊያንን ከአገር ያወጣው፣ ሥራ ያስያዘው፣ እንደ አባት የሆነለት ሰው ነው። ቤቱ እንግዳ አይለየውም። ሙሽሮቹ ብቻቸውን የሚሆኑባት ሰዓት አልነበረቻቸውም፤ የክፍላቸው ግድግዳም ስስ ነው። ሙርሺዳ ያን ሁሉ ጥያቄዋን በሹክሹክታ ማውራት ጀመረች።

አንድ ቀን ስለ አገሯ ሐይቅ ነገረችው። «ሀረ ሸይጣን ይባላል። የሸይጣን ሐይቅ ማለት ነው። እሳተ ገሞራ ጎድጉዶት ነው አሉ። ከአፋፉ ላይ ድንጋይ ብትወረውር ውሃው ጋ አይደርስም ይባላል። ልጅ ሆኜ ታች ልውረድ ስል ሁሉም ይቆጡኝ ነበር።»

«ታች ምን ያለ መሰለሽ?»

«እሱን እኮ ነው የማላውቀው!»

ሱፊያን ሰው ሁሉ ጠየቀ። አንድ ደንበኛው ከፕሪቶሪያ ወዲያ፣ በስተሰሜን፣ እሳተ ገሞራ የቦረቦረው ሐይቅ እንዳለ ነገረው። ጋራዥ ያለው ወዳጁ ማናሴ ደግሞ አንዲት አሮጌ ካራቫን ጠግኖ ገዢ ይጠብቅ ነበር፤ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ አበባ ያለበት መጋረጃ ሳይቀር ያላት መኪና። «እስክትሸጥ ውሰዳት፤ አደራ ግን በሩ በኃይል ካልተዘጋ ይከፈታል» አለው።

ሙርሺዳ መኪናዋን ስታይ መጀመሪያ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። «ቤት ይዘን ልንሄድ ነው?» አለች። ከዚያ መጋረጃውን ዘጋችና በሙሉ ድምፅዋ፣ «ሱፊያን!» ብላ ጠራችው። ዝም ብላ ለመጥራት ያህል።

እሱ ፈገግ አለ። ለዚህ ጉዞ ግን ሌላም ምክንያት ነበረው። ከጥቂት ቀናት በፊት ዩሱፍ አስቀምጦት፣ «የሱቅ ዝርፊያው እየባሰ ነው። ሙርሺዳ አገር ትግባ፤ እናታችን ጋ ትቀመጥ። አንተ ትንሽ ሠርተህ ትከተላታለህ» ብሎት ነበር። ሱፊያንም፣ ለወንድሙ ሌላ መልስ ስለማያውቅ፣ «እሺ» አለ። ሐይቁ ዳር ሊነግራት ነው የወሰነው።

መንገዱን ሁሉ ስትጠይቅ ሄደች። «ያ ቢጫ ተራራ ምንድን ነው?»

«ወርቅ ሲወጣ የተረፈ አፈር።»

«ጣቱን ወደ ሰማይ የሚቀስረው ሰውዬስ?»

«ታክሲ እያስቆመ ነው፤ ታውን፣ መሀል ከተማ፣ ልሂድ ማለቱ ነው።»

«ወደ ቤት ለመሄድስ ጣት እንዴት ይደረጋል?»

ሱፊያን ማርሹን ቀየረ።

ሐይቁ አጠገብ ካለ እርሻ አድረው ጠዋት በእግር ሊወጡ የሐይቁ መግቢያ በር ጋ ሲደርሱ፣ ጠባቂዋ ሴትዮ ሱፊያን ስለ እሳተ ገሞራው ሲጠይቃት ራሷን ነቀነቀች። እሳተ ገሞራ አይደለም አለች። ድሮ ሊቃውንቱም እሳተ ገሞራ ነው ብለው ይከራከሩ ነበር፤ ኋላ መሬቱ ተቆፍሮ ሲታይ ከሰማይ የወረደ ድንጋይ የፈነቀለው መሆኑ ታወቀ።

ሱፊያን አንገቱን ደፋ። «የአገርሽን ዓይነት ላሳይሽ ነበር እኮ።»

«አንተ!» አለች ሙርሺዳ ክንዱን ይዛ። «የእኛው ከታች ፈንድቶ፣ ይሄኛው ከላይ ወድቆበት! ና፣ መልካቸው ይመሳሰል እንደሆነ እንይ።»

በግራር መሀል ሽቅብ ወጡ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ። ከሥራቸው ምድር እንደ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ተከፍቷል፤ ዙሪያው ደን ነው፤ መሀሉ ላይ አረንጓዴ ውሃ ተኝቷል። ሙርሺዳ ፎቶ ልታነሳ የሱፊያንን ስልክ ተቀበለች። ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ።

«ጋሽ ዩሱፍ ናቸው» አለችና አነሳችው።

ሱፊያን እጁን ዘረጋ፤ ግን ዘገየ። የወንድሙ ድምፅ ወጥቶ ይሰማል፦ «ሙርሺዳ፣ ነገረሽ አይደል? አይክፋሽ። ለአንቺው ደህንነት ነው። ሁለት ዓመት ምን አላት!»

ሙርሺዳ ስልኩን መለሰችለት። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ደግሞ ባሰበት። ወደ ሐይቁ የሚያወርደውን ቀጭን መንገድ ያዘች። ሱፊያን ከኋላ ተከተላት፤ ዓይኑን ከነጠላ ጫማዋ ሳይነቅል።

ታች፣ ጥቁር ጭቃው ዳር፣ ጎንበስ ብላ ጣቷን ውሃው ውስጥ ነከረችና ቀመሰችው።

«ጨው ነው» አለች። ከዚያ ሳትዞር፣ «መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

«ዛሬ።»

«የት?»

«እዚሁ።»

«ለካ መሰናበቻዬ ነው።»

ከሸምበቆው አንዲት ወፍ ተነስታ በውሃው ላይ አለፈች። ሁለቱም እስክትርቅ በዓይናቸው ሸኟት።

«በወንድምህ አልፈርድም» አለች። «ፈርተው ነው። ግን ሱፊያን፣ ለእኔ ብለህ ያልጠየቅከው ሰው የለም። እኔን ምነው ሳትጠይቀኝ ቀረህ?»

«መልስሽን ፈርቼ። ‹እሄዳለሁ› ብትይኝ አልችለውም። ‹አልሄድም› ብትይኝ ወንድሜን እምቢ ልለው ነው። እሱንም አልችልም ብዬ።»

«አሁን ጠይቀኝ።»

ሱፊያን ፊት ለፊቷ ቆመ። «ሙርሺዳ፣ አንቺ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ መልሱን ከውሃው የምትፈልግ ይመስል ጣቷን ደግማ ነከረች። «እፈራለሁ» አለች በመጨረሻ። «የጎረቤት ሱቅ የተዘረፈ ዕለት እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። እናቴም ትናፍቀኛለች። ግን ከተሄደም አብረን፣ ከተቆየም አብረን። ከእህቴ ጋር ልሥራ። የራሳችን አንዲት ክፍል ትኑረን፤ ድምፄን ሳልቀንስ ላውራህ።»

«ቢከብድስ?»

«ይከብዳል። አንተ ግን ምን ትፈልጋለህ? እኔም ጠይቄህ አላውቅም።»

«አንቺን» አለ። ሌላ የአማርኛ ቃል አልመጣለትም። እሷም እስኪመጣለት አልጠበቀችም፤ ጨዋማ እጇን እጁ ውስጥ አስገባች።

ወደ አፋፉ ሲመለሱ ሱፊያን ደወለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ሙርሺዳ አትሄድም።»

ዩሱፍ ጠየቀ፦ «እንዲህ በል ያለችህ እሷ ናት?»

«አይደለም። እኔ ነኝ የጠየቅኳት። የእኔም ሐሳብ ያው ነው።»

«እኔ ያልኩህ ቀረ ማለት ነዋ!» አለ ዩሱፍ፤ መስመሩም ተዘጋ። ሱፊያን ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሙርሺዳ እጁን ይዛ አስቀመጠችው። ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የደመናው ጥላ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ሲሻገር አዩ።

ሳይውል ሳያድር ከሜይፌር ወጡ። ጀፕስታውን፣ ከባህሪያ ሱቅ በላይ ጠባብ ክፍል ተከራዩ። መንገዱ ሲጮህ ይውላል፤ ሙርሺዳም ከመንገዱ በላይ ታወራለች። ሱፊያን ደስ ይለዋል፤ ዓርብ መስጊድ ውስጥ ዩሱፍ ሰላምታውን አሳጥሮ ሲያልፈው ግን ያንን ቀን ሙሉ ምግብ አይበላለትም። ሙርሺዳ ታውቃለች፤ አጠገቡ ትቀመጣለች።

የአረፋ ዕለት በሩ ተንኳኳ። ዩሱፍ ሥጋ በፌስታል ይዞ ቆሟል። ገብቶ ግራና ቀኝ አየ፤ የሚቀመጥበት ቢያጣ ከብርድ ልብስ ጥቅል ላይ ቁጭ አለ። ብዙ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ሱፊያን ተግሣጽ ጠበቀ።

ዩሱፍ ግን ወደ ሙርሺዳ ዞረ። «እስቲ አንቺን ልጠይቅሽ» አለ፤ ቃሉ ለአፉ እንግዳ እንደሆነበት ያስታውቃል። «ምን ጎደላችሁ?»

ሙርሺዳ የባሏን ወንድም ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ወንበር» አለች።

ዩሱፍ የተቀመጠበትን ጥቅል ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው፤ ሱፊያን የወንድሙን ሳቅ ከሰማ ስንት ጊዜው!