አስራ አንድ ዓመት ፊርሜን

«ፊርሜን! ካፖርቴን!»

ተማሪው ኮም እጁን ሁለቴ አጨብጭቦ ሲጣራ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ይኼም አልበቃው ብሎ ከመምህሯ ጠረጴዛ ላይ የስሞችን መዝገበ ቃላት አንስቶ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ፊርሜን፤ ትርጉሙ ‹ጽኑ›። በድሮ ቲያትሮች የታወቀ የአሽከር ስም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ማለት ይሄ ነው፣ ወንድሜ!»

ፊርሜን ጆሮው ሳይቀር ቀላ። ክፍሉ የሚያዘጋጀው ቲያትር ስለ አንድ ሀብታም ቤት ነው። ጌታው ኮም ነው፤ አሽከሩ ደግሞ ፊርሜን ይባላል፣ ማን ይጫወተው ብሎ የጠየቀም የለም። መምህሯ ማዳም ደላትር በር ላይ ጠብቀው፣ «ከፈለግክ የአሽከሩን ስም እንቀይረዋለን፤ ነገ ንገረኝ» አሉት። እሱ ግን የቲያትሩን ብቻ ሳይሆን የራሱንም ስም ሊቀይር ቆርጧል። ሁለተኛ ስሙ ሉዊ ነው፤ በሉዊ የሚስቅ የለም።

ቤት ሲገባ ሴት አያቱ ኦዴት ባሮ ሽንኩርት ይከትፋሉ።

«ከነገ ጀምሮ ሉዊ በሉኝ» አላቸው ቦርሳውን ወርውሮ። «የአሽከር ስም አልፈልግም!»

«የአባቴ ስም ነው» አሉ አያቱ መክተፋቸውን ሳያቆሙ። «የአሽከር ነው በማለትህስ አልተሳሳትክም። የአባቴ አባት ኤቫሪስት እዚሁ አሚየን ከተማ ትልቅ ቤት ያገለግል ነበር። እዚያ ቤት የገባ አሽከር ሁሉ ፊርሜን ነው የሚባለው። ጌቶቹ አዲስ ስም መያዝ ይታክታቸዋል። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ስምህ ማን ነው ያለው የለም።»

«ታዲያ ልጁን በዚያ ስም ይጠራል? ሞኝ ነበር እንዴ?»

«ሞኝስ አንተ! ሥራውን በለቀቀ በዓመቱ አባቴ ተወለደ። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ፊርሜን ብሎ አስመዘገበው። ሚስቱ እንዳንተው ጮኸችበት። ምን አላት መሰለህ? ‹ይኼኛው ፊርሜን ተቀምጦ ይበላል። ለማንም ትሪ አይሸከምም።› አልተሸከመማ!»

ፊርሜን የወረወረውን ቦርሳ አነሳ። ንዴቱ አልበረደም፤ ግን አሁን የተናደደው በኮም ሳይሆን በእነዚያ ጌቶች ነበር።

በማግስቱ ማዳም ደላትር «እህ፣ ምን ወሰንክ?» አሉት።

«ስሙ ይቆይ። እኔው እጫወተዋለሁ።»

ልምምዱ ተጀመረ። «ፊርሜን! ካፖርቴን!» አለ ኮም፣ ሳቁን መቆጣጠር እያቃተው። ጽሑፉ ላይ አሽከሩ ጎንበስ ብሎ «እሺ ጌታዬ» ይላል። ፊርሜን ጎንበስ አላለም።

«ስሜ ኤቫሪስት ነው» አለ። «ፊርሜንን ለልጄ አስቀምጬዋለሁ።»

ኮም ወረቀቱን አገላበጠ። «ማዳም፣ ይኼ እኮ እዚህ የለም!»

«አሁን እጽፈዋለሁ» አለ ፊርሜን፣ እና እርሳሱን አወጣ።